የስኪድ ስቲር ሎደር ባኬት አውልቆ ሌላ መሳሪያ መግጠም፡ ፒኑም እንዲቆለፍ ሆዙም እንዲገባ

ስለ ስኪድ ስቲር፣ ማለትም ከፊታቸው ባኬት (አካፋ) ወይ ሌላ መሳሪያ ስለሚገጠምላቸው ትንንሽ ሎደሮች፣ ሰው የሚጠይቀው ዞሮ ዞሮ ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ገጥሜ እየሰራሁ መሳሪያው በአንድ በኩል ተለቀቀብኝ» የሚል ነው፣ ሌላው ደግሞ «ሆዙን (የዘይት ቱቦውን) ብገፋው ብገፋው አልገባ አለኝ» ነው። ሁለቱም በአብዛኛው የማሽን ብልሽት አይደሉም፣ የቅደም ተከተል ችግር ናቸው። የመጀመሪያው ሌቨሩን (የመቆለፊያውን እጀታ) አምኖ ፒኑን (መሳሪያውን የሚቆልፈውን ብረት) ካለማየት ይመጣል፣ ሁለተኛው የታመቀ ግፊት ሳያስወጡ ከካፕለሩ (ከሆዙ ማያያዣ) ጋር ትግል ከመግጠም።

ቦብካትም ይሁን ኩቦታ፣ ኬዝ፣ ኒው ሆላንድ፣ ጌል ወይ ታኬውቺ፣ አሰራሩ ተቀራራቢ ነው። መቆለፊያው በእጅ ሌቨር ለሆነውም ከካቢን በስዊች ለሚሰራውም ይሄ መመሪያ ይሆናል። የማሽናችሁ ማኑዋል ከዚህ የተለየ ነገር ካለ ግን ማኑዋሉን ስሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት

*ፕሌቱ ይገጥማል ወይ?* አብዛኛው የዛሬ ስኪድ ስቲር የሚጠቀመው አይኤስኦ 24410 በሚባለው ስታንዳርድ የተሰራ ማያያዣ ፕሌት ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ ባኬት ለሌላው ይገባል። ግን የቆዩ ሞዴሎችና ኦፕሬተሩ ከኋላ ቆሞ የሚነዳቸው በጣም ትንንሾቹ ማሽኖች የራሳቸው ፕሌት ስላላቸው በዓይን «ይመስላል» ብላችሁ አትጀምሩ፣ የሁለቱንም ስፋት፣ የላይኛውን ጠርዝና የታችኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች ለኩ።

*ክብደቱስ?* እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም ጎማ ላለው ስኪድ ስቲር ማሽኑን ወደ ፊት ከሚደፋው ክብደት 50 በመቶው ነው፣ ትራክ ላለው ደግሞ ብዙ ጊዜ 35 በመቶው። ያ ቁጥር የተለካው ደግሞ በስታንዳርድ ባኬት ነው፤ ከባኬቱ የከበደ መሳሪያ ስትገጥሙ ልዩነቱ ከአቅሙ ላይ ይቀነሳል። ፎርክ (የማንሻ ሹካ) ከሆነ ጭነቱ ከማሽኑ ይበልጥ ስለሚርቅ አቅሙ ከዚያም ይወርዳል፣ የፎርኩን የራሱን ሰንጠረዥ እዩ።

*የዘይት ፍሰቱስ?* መሳሪያው ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ የተጻፈበት ፕሌት አለ። ስታንዳርድ ፍሰት ያላቸው ማሽኖች በአብዛኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ሊትር አካባቢ ይሰጣሉ፣ ሃይ ፍሎው የሚባሉት ከ100 ሊትር በላይ። ሃይ ፍሎው የሚፈልግ አስፋልት መላጫ በስታንዳርድ ማሽን ላይ ቢገጠም ይዞራል ግን አይሰራም። በተቃራኒው ትንሽ ፍሰት የሚፈልግ መሳሪያ ላይ ሃይ ፍሎው ከለቀቃችሁ የመሳሪያውን ሞተር ትጨርሱታላችሁ።

እቃዎቹ፡ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ንጹህ ጨርቅ (የቆሸሸ ከሆነ ባይኖር ይሻላል)፣ መፋቂያ፣ የግሪስ ፓምፕ፣ አንድ ቁራጭ ካርቶንና ሁለት ጣውላ። መዶሻና ድጅኖ አልጻፍኩም፣ ረስቼው አይደለም።

ቦታው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ይሁን። ሰው በዙሪያው አይኑር፤ በተለይ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» እያለ መሳሪያውን በእጁ የሚያስተካክል ረዳት በማሽኑና በመሳሪያው መሃል አይቁም። ምልክት የሚሰጥ ሰው ካስፈለጋችሁ እናንተ በደንብ የምታዩት ቦታ ላይ፣ ራቅ ብሎ ይቁም።

ደረጃ 1፡ የነበረውን ማውለቅ

1. ክንዱን ሙሉ በሙሉ አውርዱና መሳሪያውን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ መሬት ላይ አሳርፉት። የሚከፈት የሚዘጋ ነገር ካለው (እንደ ግራፕል) ዝጉት።
2. የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ።
3. መሳሪያው ሃይድሮሊክ ከሆነ ከመውረዳችሁ በፊት ግፊቱን አስወጡ። ብዙ ማሽን ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ የኦግዚለሪውን (ለመሳሪያው ዘይት የሚልከውን መስመር) ስዊች ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ደጋግሞ መጫን ነው፣ በፔዳል ወይ በሌቨር የሚሰሩት የቆዩት ላይ ደግሞ ፔዳሉን ወይ ሌቨሩን ወዲህና ወዲያ ማንቀሳቀስ።
4. ውረዱና ሆዞቹን ንቀሉ። ኬዝ ድሬን የሚባለው ቀጭኑ ሦስተኛ ሆዝ ካለ መጨረሻ ላይ ይነቀላል። የኤሌክትሪክ ሶኬት ካለም አሁን ንቀሉት፣ ይሄ ተረስቶ ማሽን ወደ ኋላ ሲሄድ ሽቦው ተበጥሶ የሚቀርበት ጊዜ ትንሽ አይደለም።
5. ሁለቱንም ሌቨሮች እስከ ላይ ድረስ አንሱ። ሌቨሩ ውስጥ ጠንካራ ሞላ ስላለ አጥብቃችሁ ያዙትና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ፊታችሁንም ከሌቨሩ መንገድ አርቁ።
6. ግቡ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ከወንበሩ በላይ ያለውን መከላከያ ብረት አውርዱ፣ አስነሱ። ፕሌቱን ወደ ፊት ድፉትና የመሳሪያው የላይኛው ጠርዝ ሲለቀቅ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ውጡ።

ከውጭ ቆሞ እጅን ወደ ካቢን አስገብቶ ጆይስቲክ መንካት የሚባል ነገር የለም። «ትንሽ ልደፋት ብዬ ነው» የሚል ሰው ክንዱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ከሄደ በኋላ ነው።

ደረጃ 2፡ ፕሌቱን ማጽዳትና ማየት

ማሽኑ ባዶውን ሲቆም ክንዱ ወርዶ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ፕሌቱን እዩት። ክንዱ ተነስቶ ከስሩ ገብቶ መስራት ካለባችሁ የማሽኑ የራሱ የክንድ መደገፊያ ብረት መጀመሪያ ይገጠም፣ ግንድ ወይ ብሎኬት አይተካውም።

ፕሌቱ ታች ጥግ ላይ፣ ፒኖቹ የሚወጡበት ቦታ፣ ጭቃና ጠጠር ተጋግሮ ይደርቃል። ላዩ ሲታይ ንጹህ ይመስላል፣ ጣታችሁን ስትሰዱ ግን የደረቀ ጭቃ ታገኛላችሁ፤ ፒኑ ሙሉ በሙሉ እንዳይወርድ የሚያደርገውም ይሄው ነው። ፋቁት። የአዲሱን መሳሪያ የላይኛውን ጠርዝ ውስጡንና የታች ቀዳዳዎቹንም እንደዚሁ። ከዚያ ሌቨሮቹን አንዴ አውርዳችሁ አንሷቸው፦ ፒኖቹ እኩል ይወጣሉ? አንዱ ዘግይቶ ወይ አጥሮ ከወጣ ሞላው ተሰብሯል ወይ ፒኑ ተጣሟል ማለት ነውና እሱ ሳይሰራ አትቀጥሉ። የፒኑ ጫፍ በልቶ ከተሞለሞለ ወይ የመሳሪያው ቀዳዳ ተለጥጦ ሞላላ ከሆነም ያው ነው። ለመገጣጠሚያዎቹ ግሪስ ስጡ።

ደረጃ 3፡ መጠጋትና ማንሳት

1. ሌቨሮቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። በስዊች የሚሰራ ከሆነ የመክፈቻውን ስዊች ፒኖቹ ተሰብስበው እስኪያልቁ ድረስ ያዙት።
2. ፕሌቱን ወደ ፊት ደፋ አድርጋችሁ ክንዱን ዝቅ አድርጉና ወደ መሳሪያው ቀጥ ብላችሁ ቅረቡ። ጎንዮሽ ከሆናችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እንደገና፣ እዚያው ሆኖ በመጠምዘዝ ለማስተካከል መሞከር መሳሪያውን ገፍቶ ያበላሽባችኋል።
3. የፕሌቱን የላይኛውን ጠርዝ በመሳሪያው የላይኛው ጠርዝ ስር አስገቡ። በሁለቱም ጎን እኩል መግባቱን እዩ፣ ሌቨሮቹ ከመሳሪያው ጋር አለመጋጨታቸውንም።
4. ክንዱን ትንሽ አንሱና ፕሌቱን ወደ ኋላ መልሱት፤ መሳሪያው ከመሬት በጥቂት ጣት ብቻ ይነሳና ጀርባው ፕሌቱ ላይ ልጥፍ ይላል። ከዚህ በላይ አታንሱት፣ እስካሁን የያዘው የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነው።

ልጥፍ ካላለና በመሃል ክፍተት ካያችሁ ጭቃ ቀርቷል ወይ አንዱ ጎን አልገባም። አውርዱት፣ ውጡ፣ እንደገና።

ደረጃ 4፡ መቆለፍ

በእጅ ከሆነ፦ ፍሬን፣ ሞተር አጥፉ፣ ውረዱ። ሌቨሮቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ተጫኗቸው፣ መጨረሻ ላይ ሞላውን አልፎ ቁጭ ሲል በእጃችሁ ይታወቃችኋል። ተንሳፍፎ መሃል ላይ የቆመ ሌቨር አልተቆለፈም፣ ለምን አልወርድ እንዳለ ከታች አለ።

በስዊች ከሆነ፦ ሞተሩ እየሰራ የመቆለፊያውን ስዊች ተጭናችሁ ያዙ፣ ነካ አድርጎ መልቀቅ አይበቃም። ሁለቱም ሌቨሮች ወይ አመልካቾች ሙሉ በሙሉ ሲወርዱ ብቻ ልቀቁ።

*ሌቨሩ አልወርድ ካለ*

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ (ሀ) መሳሪያው ፕሌቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተለጠፈም፣ ግቡና ፕሌቱን ትንሽ ወደ ኋላ መልሱት፤ (ለ) ቀዳዳው ውስጥ ጠጠር ወይ ጭቃ አለ፣ አውልቃችሁ ፋቁ፤ (ሐ) መገጣጠሚያው ዝጓል፣ ግሪስ ሰጥታችሁ ባዶውን ደጋግማችሁ አንቀሳቅሱት፤ (መ) ፒኑ ተጣሟል ወይ ቀዳዳው አልገጠመም፣ ያ የጋራዥ ስራ ነው። በሌቨሩ ላይ ረጅም ቱቦ አስገብቶ መጫን ወይ በመዶሻ መደብደብ ግን ሌቨሩን ያወርደው ይሆናል እንጂ ፒኑን አያስገባውም፣ እንዲያውም ሌቨሩ ወርዶ ፒኑ ያልገባበት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 5፡ ፒኑን በዓይን ማየት

ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ሌቨር ወረደ ማለት ተቆለፈ ማለት አይደለም። ሌቨሩ ወርዶ ፒኑ ከቀዳዳው ኋላ ወይ ፊት ሊያልፍ ይችላል፣ ያኔ ከካቢን ስታዩት ሁሉም ነገር ትክክል ነው፣ ባኬቱም ይነሳል፣ ምክንያቱም የላይኛው ጠርዝ ብቻውን ሊያነሳው ይችላል። የሚለቀቀው ክንዱ ከፍ ብሎ ባኬቱን ስትደፉት ነው፤ የያዘው ጠርዝ ይለቅና መሳሪያው ወደ ፊት ይወድቃል ወይ ደግሞ በክንዱ ላይ ተንከባሎ ወደ ካቢኑ ይመጣል።

ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ውረዱና ጎንበስ በሉ። በእያንዳንዱ ጎን የመሳሪያው የታችኛው ብረት ላይ ቀዳዳ አለ፣ የፒኑ ሾጣጣ ጫፍ በዚያ ቀዳዳ አልፎ ከብረቱ በታች ወጥቶ መታየት አለበት። የሚሰራ ማሽን ላይ ያ ጫፍ በመፋተግ ብዛት ቀለሙ ለቆ ያብለጨልጫል፣ በዙሪያው ያለው ብረት ግን ጭቃማ ስለሆነ ለመለየት አያስቸግርም። ቀኙን አይታችሁ «ግራውም እንደዚያው ነው» አትበሉ፣ ዞራችሁ ሂዱ። ብርሃን ከሌለ በስልካችሁ መብራት። በስዊች የሚሰራውም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፣ መብራቱ ወይ አመልካቹ የሚነግራችሁ መቆለፊያው መንቀሳቀሱን እንጂ ፒኑ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን አይደለም።

ደረጃ 6፡ መሬት ላይ መፈተን

ግቡ፣ እሰሩ፣ አስነሱ። መሳሪያውን በዝቅታ እንዳለ ወደ ፊት ድፉትና ጫፉን መሬት ላይ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፣ የፊት ጎማዎቹ ቀለል እስኪሉ ድረስ። ፒኑ ከገባ መሳሪያውና ፕሌቱ እንደ አንድ ብረት ነው የሚንቀሳቀሱት። ከታች ክፍተት ከተከፈተ አልተቆለፈም፤ አውርዳችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ። ብሬከር (ድንጋይ ሰባሪ)፣ ኦገር (ጉድጓድ ቆፋሪ)ና በቀላሉ የሚጎዳ ጫፍ ያለው መሳሪያ ላይ ይሄን ፈተና አምራቹ በሚለው መንገድ ብቻ አድርጉ፣ እዚያ ላይ ዋናው የዓይን ምርመራው ነው።

ደረጃ 7፡ ሆዞቹን ማገናኘት

በእነዚህ ሆዞች ውስጥ የሚሄደው ዘይት ግፊቱ ከ200 ባር በላይ ነው። የመርፌ ቀዳዳ በሚያክል ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ጓንትም ቆዳም በስቶ ይገባል፣ ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፣ ግን ዘይቱ የውስጡን ሥጋ እየገደለ ስለሚሄድ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ድንገተኛ ጉዳት ነው። ስለዚህ ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም፣ ካርቶኑ ለዚህ ነው። እንደዚህ ከደረሰ ወዲያው ሆስፒታል፣ ለሀኪሙም «ሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት ገብቶ ነው» በሉት።

1. ሞተሩ ጠፍቶ በደረጃ 1 እንዳልኩት የማሽኑን ግፊት አስወጡ።
2. የአራቱንም ካፕለር ፊት በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ጠፍጣፋው ፊት ላይ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በቀጥታ ወደ ዘይቱ ትገባለች፣ ከዚያ ወደ ቫልቩ።
3. ኬዝ ድሬን ካለ መጀመሪያ እሱን። ይሄ ቀጭን ሆዝ ከመሳሪያው ሞተር ቤት ውስጥ የሚያፈተልከውን ዘይት ወደ ታንክ የሚመልስ ነው፣ ሳይገጠም ከተሰራ ዘይቱ መሄጃ ያጣና የሞተሩን ኦይል ሲል (የዘይት መዝጊያ ጎማ) ይገፋዋል። ማሽናችሁ የኬዝ ድሬን ካፕለር ከሌለው ያን መሳሪያ አታስነሱ።
4. ወንዱን ሴቴው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ፤ ቀለበቱ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቁጭ ሲል ገብቷል። የሚዞር መቆለፊያ ካለው አዙሩት። ከዚያ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ከወጣ አልገባም ነበር።
5. ሆዙ ክንዱ ሲነሳና መሳሪያው ሲታጠፍ እንዳይወጠር፣ እንዳይቆነጠጥ፣ ከጎማው ጋር እንዳይነካካ አድርጋችሁ አሳልፉት።

በግማሽ የገባ ካፕለር ካልገባው ይብሳል። መሳሪያው ይዞራል ግን ደካማ ይሆናል፣ ዘይቱ ይግላል፣ መመለሻው በኩል ከሆነ ደግሞ ግፊቱ መሳሪያው ውስጥ ይጠራቀማል። «መሳሪያው ጉልበት የለውም» ከሚሉት ውስጥ ብዙው መልሱ እዚህ ነው።

*ሆዙ አልገባ ካለ*

መጀመሪያ ግፊቱ የት እንደታመቀ ለዩ። ማሽኑ በኩል ከሆነ ግፊቱን እንደገና አስወጡ። አንዳንድ ማሽኖች ላይ (አዳዲሶቹ ቦብካቶች እንደዚህ ናቸው) ካፕለሮቹን አጥብቆ ገፍቶ ለ5 ሰከንድ ያህል መያዝ በራሱ ግፊቱን ያስወጣል፤ ነካ አድርጋችሁ «እምቢ አለ» ካላችሁ ግን አይሰራም።

ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላም እምቢ ካለ ግፊቱ መሳሪያው ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ መሳሪያ ውስጥ ያለው ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ስለሌለው ካፕለሩን ከውስጥ ይገፋዋል። ጥላ አድርጉለት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሞክሩ። ቶሎ የሚያስፈልግ ከሆነ ለዚሁ የተሰራ ግፊት ማስወጫ መሳሪያ አለ። የካፕለሩን ፊት በመዶሻ ወይ በቡሎን ገጭቶ ዘይት ማስተንፈስ የተለመደ ነው፣ ግን ጠፍጣፋው ፊት ላይ ጠባሳ ከቀረ ኦሪንጉን (የጎማ ቀለበቱን) ይቆርጠውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሌም የሚያንጠባጥብ ካፕለር ይኖራችኋል። የሆዙን ዳዶ ፈታ አድርጎ ማስተንፈስም ለመካኒክ ይቆይ።

ደረጃ 8፡ የመጀመሪያ ማስነሳት

የማያቋርጥ ፍሰት የሚለቀው ስዊች መጥፋቱን አረጋግጣችሁ በዝቅተኛ ዙር አስነሱ። ሲሊንደር ያለውን መሳሪያ እስከ ጫፍ ድረስ ጥቂት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፣ የሚሽከረከረውን ደግሞ ጭነት ሳትሰጡት ለጥቂት ደቂቃ አዙሩት፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ አውርዱ፣ አጥፉ፣ በካርቶኑ ፍሳሽ ፈልጉና የሃይድሮሊክ ዘይቱን መጠን እዩ፤ ባዶ ሆኖ የቆየ መሳሪያ ዘይት ስለሚጠጣ ሊጎድል ይችላል።

*በተቃራኒ ከዞረ*፦ መጀመሪያ የስዊቹን አቅጣጫ ቀይሩ። ካልሆነ ካፕለሮቹ ተለዋውጠዋል። ብሬከር ላይ ግን ሞክሮ ማየት አያስፈልግም፣ መግቢያና መመለሻው ላይ ፒ እና ቲ ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፣ እሱን ተከትላችሁ ግጠሙ። ብሬከር ከሆነ የካቢኑ የፊት በር የማይሰበር መስታወት ያለው መሆን አለበት፣ ስብርባሪው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።

*ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ*፦ መከላከያ ብረቱ ወርዷል? የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ገብቷል? 14 ፒን (የሶኬት እግር) ያለው መሳሪያና 7 ፒን ያለው ማሽን ያለ አዳፕተር አይግባቡም፣ ሽቦ በግምት ማገናኘት ውስጥ አትግቡ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱና ካፕለሮቹን አንድ በአንድ ሳቡ።

ያወለቃችሁትን ማስቀመጥ

መሳሪያውን በጣውላ ላይ አሳርፉት፣ የላይኛው ጠርዝ ለማሽኑ በሚመች ከፍታ ላይ ቢሆን ለሚቀጥለው ጊዜ ያቀልላችኋል። ለመደፋት የሚያደላ ከሆነ ደግፉት። የሆዞቹን ጫፍ ክዳን ግጠሙላቸው፣ ከሌለ ወንዱን ከሴቴው ጋር እርስ በርስ አገናኙት፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ጥላ ቦታ ካለ ጥላ ውስጥ፣ አለዚያ በሚቀጥለው ቀን ያው ሆዝ አልገባ ይላችኋል።